የሰው ስለት ይዞ መሄድ

እናቴ ቁልቢ ሄዳ አታውቅም። ይህን ስናገር የሚያውቋት ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የቁልቢን ተጓዥ ስታበላና ስታጠጣ የኖረች ሴት ናታ!

ቤታችን አዳማ ነው፤ ከከተማው ወደ አዋሽ በሚያወጣው መንገድ ዳር። የፊቷ ክፍል ሻይ ቤት ናት። ስም የላትም፣ ማስታወቂያ የላትም። አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ። በአዘቦት ቀን ደንበኞቿ የባጃጅ ሾፌሮችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ታኅሣሥ 17 እና 18 ግን ሌላ ነገር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እሳት ይያያዛል። አውቶቡሱም ሚኒባሱም ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል። መስተዋቱ ላይ የመልአኩ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከውስጥ ከበሮና እልልታ ይሰማል። በሩ ሲከፈት ጋቢ የተከናነበ ሰው እያዛጋ ይወርዳል።

ወቅቱ የገና ጾም ነው። እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም። ያለው የጾም ፍርፍር፣ ሽሮ፣ ዳቦ በሻይ ነው። አጥባቂው እሱንም አይነካም፤ ፊቱን ታጥቦ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላል። «መንገደኛ ነኝ፣ ይፈቀድልኛል» የሚለው ይበላል። የኔ ሥራ በጀሪካን ውኃ ማስታጠብ ነበር። ሳንቲም ይሰጡኛል፣ «ገብርኤል ያሳድግህ» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ከሳንቲሙ ምርቃቱ ይበልጥ ነበር።

በየዓመቱ አንድ ሰው እናቴን «አንቺስ አትሄጂም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃታል። መልሷ አንድ ነው።

«ሁላችሁም ከሄዳችሁ ማን ሻይ ያፈላል?»

አምና ኅዳር ላይ፣ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቡና እየቆላች ጠራችኝ።

«ቁልቢ ስለት አለብኝ» አለችኝ።

«ማን፣ አንቺ?»

«ጉልበቴ ዳገቱን አይችልም። አንተ አድርስልኝ።»

«የምን ስለት?»

«ጥላ።»

«እሱስ ገባኝ። ስለ ምን ተሳልሽ?»

«እሱን ከገብርኤል ጋር ጨርሰነዋል። አንተ ጥላውን አድርስ።»

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕዳው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ስለ ምን እንደተገባ ሳላውቅ ክፍያ ላይ ፈርሜ አላውቅም። ስለት ደግሞ ሰነድ የሌለው ዕዳ ነው። ምስክር የለውም፣ ቀነ ገደብ የለውም። ሰው ይሳላል፣ ከሰመረለት ያገባል። ካላገባ የሚጠይቀው ሰው የለም። ታዲያ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ባንክ የሚሸሽ ሰው ስለቱን አይሸሽም።

የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ሌላ መላ አመጣልኝ። «ሐዋሳ ገብርኤልም እኮ በዚያው ቀን ነው የሚነግሠው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ በሰው ትጥለቀለቃለች። መንገዱ ቀላል ነው፣ ሆቴል አለ፣ ማታ ሐይቁ ዳር ነፋስ መቀበል ነው። ለእናቴ በጥንቃቄ ነገርኳት።

«ገብርኤል አንድ ነው፣ አይደል?»

«ገብርኤልማ አንድ ነው» አለች። «አፌ ግን ቁልቢ ብሏል።»

በቃ። እዚያ ላይ ክርክር የለም።

ስለ ምን እንደተሳለች ግን በራሴ ደረስኩበት ብዬ ነበር። ስለ እኔ ነው። ከሁለት ሴት ልጆች በኋላ የመጣሁ ወንድ ነኝ። በልጅነቴ ሳንባዬን ታምሜ ልሞት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ይህን ካሰብኩ በኋላ ጉዞው ቀለል አለኝ። ትንሽ ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም።

ጥላውን ከገበያ፣ ከንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ገዛሁት። ቀይ ከፈይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ሻጩ ዘርግቶ አሽከርክሮ አሳየኝ። ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ ከተናገረው ዋጋ ትንሽ ቀነሰልኝ። በላስቲክ ጠቅልዬ ወሰድኩት።

የሰፈሩ የጽዋ ማኅበር ሚኒባስ ተኮናትሮ ነበር። ታኅሣሥ 18 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሣን። ገና ከመነሣታችን ሾፌሩ «ሻይ እንጠጣና እንሂድ» ብሎ የት ያቆማል? እናቴ በር ላይ። ወረድኩ። እንደማንኛውም መንገደኛ ተሰልፌ እጄን ዘረጋሁ። ጀሪካኑን ራሷ አንሥታ አስታጠበችኝ። ያ ሁሉ ዓመት ሰው ያስታጠብኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ታጠብኩ። ሻዩን ከሁሉም ተቀበለች፣ ማለቴ ሒሳቡን፤ ከኔ ብቻ አልተቀበለችም።

«ጥላውን ሰው እንዳይቀመጥበት» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ከአዳማ ቁልቢ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መተሐራ ስንደርስ ነጋ። ከመንገዱ ዳር የበሰቃ ሐይቅ ተኝቷል፤ ዓመት ከዓመት እየሰፋ መንገዱንም ሐዲዱንም ሲገፋ የኖረ ጨዋማ ሐይቅ። ከወዲያ ፈንታሌ ተራራ። አዋሽ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ገዋኔና ሚሌ፣ ቀኙ ወደ ሐረርጌ። ሚኤሶን አልፈን ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ስንጀምር ሙቀቱ ጠፋ፣ መስኮት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠመዝማዛ ነው። ከፊት ለፊት ጫት የጫነ አይሱዙ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ያለው መዝሙር ለሁለት ሰከንድ ያቆማል። ሰው አይሱዙን «አልቃይዳ» ያለው ወዶ አይደለም።

ጭሮን፣ ማለትም አሰበ ተፈሪን ካለፍን በኋላ ላስቲኩን ከፍቼ ጥላውን አየሁት። ታጥፎ ይሸበሸባል ብዬ ፈርቼ ነው። ከውስጥ በኩል፣ ሁለት የብረት ጅማቶች በሚገናኙበት እጥፋት ውስጥ፣ ጣቴ የሆነ ነገር ነካ። የሻማ ጠብታ። ትንሽ፣ የደረቀች፣ ምስር የምታክል። በጥፍሬ ፈቀፈቅኳት። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ አለ።

አዲስ አይደለም ማለት ነው። ይህ ጥላ ቤተ ክርስቲያን ያውቃል።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። በየደብሩ ለስለት የገባ ጥላ ሲበዛ በጨረታ ይሸጣል። ገንዘቡ ለደብሩ ይሆናል፣ ነጋዴ ይገዛዋል፣ ነጋዴው ለሌላ ባለ ስለት ይሸጠዋል። ይህን አውቃለሁ። ግን በራሴ እጅ ሲሆን ደነገጥኩ። እናቴ ስንት ዓመት የተሸከመችውን ዕዳ፣ አንዴ በተከፈለ ዕቃ ልከፍልላት ነው? በሒሳብ ቋንቋ አንድን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ማወራረድ ማለት ነው። በሥራዬ ብሠራው እባረራለሁ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነበሩ። ነጭ ሻማ በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ስፈቀፍቅ አይተውኛል።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«እማማ፣ ይሄ ጥላ ከዚህ በፊት ገብቶ የወጣ ነው። ሻማ ተንጠባጥቦበታል።»

ወሰዱት። ጠብታውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ተሳለሙት፣ መለሱልኝ።

«ታዲያ ምን አለበት?» አሉኝ። «መንገዱን ያውቃል።»

ከዚያ ወዲህ ጠብታዋን አልነካኋትም።

ሒርናን አልፈን ጨለንቆ ስንደርስ ግማሹ ሰው ተኝቷል። እኔ ነቅቼ ነበር። ይህ ሜዳ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ያሸነፈበት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ራስ መኮንን ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት። ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ለቅዱስ ገብርኤል ተስለው ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. ድል ሲሆን ስለታቸውን ለመክፈል ቁልቢ ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ ይባላል። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው። የስለቱ ታሪክ በሁሉም አፍ አለ። ጨለንቆን ግን መኪናችን ውስጥ ያነሣው ሰው የለም። እኔም አላነሣሁም። የእኛ ሰው በደስታ የሚያልፍበት መንገድ፣ ለሌላው ሰው የሽንፈት ሜዳ ነው። ከበሮው ሲመታ ይህን ማንሣት ይከብዳል።

ከዚያ በእግራቸው የሚሄዱትን ማየት ጀመርን። ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ አንዳንዶቹ ለሁለት ለሦስት ተደጋግፈው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋላቸው። አንዱ እጁን እንኳ አላነሣም። በቃ ይሄዳል።

ቁልቢ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰው ብዙ ነው ሲባል የሰማሁት ምንም አላዘጋጀኝም። ኮረብታው ነጭ ሆኗል። በነጠላና በጋቢ የተሸፈነ ኮረብታ አስቡ፤ ጉልላቱ ከላይ ብቅ ብሏል። ከሥር ሸራና ላስቲክ የተወጠረበት ገበያ። «ሻማ! ሻማ! ጧፍ!» የሚል ልጅ ሁሉ። ብርቱካን፣ ሸንኮራ፣ ቆሎ። ከሻጮቹ አብዛኞቹ የአካባቢው ሙስሊም ኦሮሞዎች ናቸው። ቤታቸውን ለእንግዳ ይለቃሉ፣ ውኃ ያመጣሉ፤ ከእነሱም ስለት የሚያገባ አለ። ዝንጅብል ሻይ የምትሸጥ ሻሽ ያሠረች ሴት ጋ ቁጭ አልኩ። ሦስት ሌሊት እንዳልተኛች ነገረችኝ። ማንቆርቆሪያዋ የእናቴን ይመስላል፤ ጎኑ በተመሳሳይ ቦታ ተሰርጉዷል።

ዳገቱን ስወጣ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት ድንጋይ በጀርባዋ አዝላለች። እንደ ሕፃን ነው ያዘለችው፣ በአንቀልባ። በየአሥር እርምጃው ትቆምና ወደ ላይ ገፋ ታደርገዋለች፤ እናት ልጇን እሹሩሩ እንደምትለው። አብራት ያለችው ሴት «ልቀበልሽ» አላለቻትም። ስለት በዝውውር አይሠራም መሰለኝ። እኔ ደግሞ እዚያው ዳገት ላይ የሰው ስለት ይዤ እወጣለሁ።

ሌሊቱ ብርድ ነው። የአዳማ ልጅ ብርድ አያውቅም። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጥላውን አቅፌ፣ ከማኅበርተኞቹ ጋር መሬት ላይ ተኛሁ። መተኛት ከተባለ። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። በጎረቤት በኩል የአርባና የሰማንያ ቀን ሕፃናት ይዘው የመጡ እናቶች አሉ፤ ጠዋት ክርስትና ሊያስነሱ። ልጆቹ በየተራ ያለቅሳሉ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፣ ልክ እንደ ማኅሌቱ።

በነጋታው ሰባኪው የዕለቱን ታሪክ ተረኩ። ታኅሣሥ 19 አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእሳት የዳኑበት ቀን ነው። ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል አቆመ። አንሰግድም አሉ። እቶኑ ሰባት እጥፍ ይንደድ ተባለ። መልአኩ ወርዶ አዳናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ታሪክ ነው። በዚያን ቀን ግን አንዲት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገባች። ልጆቹ ለንጉሡ ያሉት «አምላካችን ያድነናል፤ ባያድነን እንኳ አንሰግድም» ነው። ባያድነን እንኳ። ማለትም አልተሳሉም! «ካወጣኸን ጥላ እናገባለን» አላሉም። እኛ ግን በእነሱ ቀን፣ በስለት ጥላ ተከልለን፣ «ይህን ካደረግህልኝ» ስንል እንውላለን።

ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝና ለእማማ ነገርኳቸው። ሻማቸውን አብርተው ነበልባሉን በእጃቸው ከልለዋል። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እነሱ ሦስት ነበሩ» አሉኝ። «እኔ ብቻዬን ነበርኩ።»

መቼ፣ የት፣ ምን ሆነው ብቻቸውን እንደነበሩ አልነገሩኝም። አልጠየቅኩም። መጠየቅ የማይቻልበት ፊት ነበራቸው። ያን ጊዜ ግን እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እሳት ስታያይዝ። ማንም ሳይነሣ።

ጥላውን ያገባሁት ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ከመጀመሩ በፊት ነው። የስለት መቀበያው ጋ ሰልፍ አለ። ከፊቴ ያለው ሰው ምንጣፍ ተሸክሟል፣ ከኋላዬ ያለችው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛለች፤ ወርቅ ይመስለኛል። ተራዬ ሲደርስ ጥላውን አስረከብኩ። ተቀባዩ ወጣት ደረሰኝ ላይ ብዕሩን አሳርፎ ቀና አለ።

«ስም?»

«የእናቴ ነው።»

«የእናትህን የክርስትና ስም።»

አላውቅም።

ሠላሳ ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ የእናቴን የክርስትና ስም አላውቅም። ወለተ መሆኗን እገምታለሁ። ወለተ ማን? ስልኬን አወጣሁ፤ በዚያ ሕዝብ መሀል ኔትወርክ የት ይገኛል? ደወልኩ፣ አልገባም። ደገምኩ። ከኋላዬ «ወንድም፣ በናትህ» የሚል ድምፅ መጣ። ፊቴ ጋለ። የቤት ስሟን ተናገርኩ። ወጣቱ ጻፈ፣ ቀደደ፣ ሰጠኝ። ጥላዬ ሌሎች ጥላዎች ላይ ተደገፈ፤ ዞር ብዬ ሳይ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ዑደቱን ብዙ አልጽፍም። አይጻፍም። ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ከመሬት የሚነሣ ይመስላል። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ይጎነበሳል። እኔም ተጎነበስኩ። ስነሣ ፊቴ እርጥብ ነበር፤ ከብርዱ ነው ብዬ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ የሚያየኝ አልነበረማ።

አዳማ የገባነው በማግስቱ ሌሊት ነው። እናቴ አልተኛችም። ተመላሹም መንገደኛ ነው፣ እሱም ሻይ ይጠጣል። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩና ደረሰኙን ሰጠኋት። ወደ አምፖሉ አስጠግታ አነበበችው።

«ይሄ ማነው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ።»

«ገብርኤል በዚህ ስም አያውቀኝም።»

«የክርስትና ስምሽን ነግረሽኝ አታውቂም እኮ!»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

እውነቷን ነው። አሁን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። ደረሰኙን ግን አልጣለችውም፤ ድርሳነ ገብርኤሏ ውስጥ አጥፋ አስገባችው። የሻማውን ጠብታ ነገርኳት። እማማ ያሉትንም ነገርኳት። «መንገዱን ያውቃል» ስላት ሳቀች። ደስ ስላላት ደፈርኩ።

«ስለ እኔ ነው አይደል የተሳልሽው? በሳንባዬ ጊዜ?»

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ግራ ገብቷታል።

«ስላንተ? ስላንተማ ለአቦ ነው የተሳልኩት። ዝቋላ ድረስ አዝዬህ ወጥቻለሁ። መጋቢት 5 ነበር። ሐይቁን ስታይ ካልገባሁ ብለህ አለቀስክ። እሱን ከፍዬ ከጨረስኩ ስንት ዘመኔ።»

«እና የቁልቢው?»

መንገዱ ላይ ጥሩምባ ተሰማ። የአውቶቡስ መብራት ግድግዳችን ላይ ዞረ። በሩ ተከፍቶ ሰው መውረድ ጀመረ፤ አንገታቸው ላይ የመልአኩ ሥዕል ያለበት ክር ያንጠለጠሉ፣ አቧራ የለበሱ፣ ድምፃቸው የተዘጋ።

«ጀሪካኑ ባዶ ነው» አለችኝ እናቴ። «ተነሥ፣ ሙላና አስታጥባቸው።»